«እሺ» ካልኩ በኋላ ሌላ ሥራ መጣ፤ የትኛውን ልተው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «29 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ባንክ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ስሠራ 4 ዓመት ከ8 ወር ሆነኝ፤ ሐምሌ ላይ አምስት ዓመት ይሞላኛል። ያልተጣራ ደመወዜ 24,000 ብር ነው። ማክሰኞ ዕለት አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በ42,000 ብር ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ በኢሜይል ጻፈልኝ፤ ሲደውሉልኝም «እሺ» አልኩ። ውሉ የ12 ወር ነው፣ ቢሮው ቦሌ ነው። ሐሙስ ደግሞ ዱከም ያለ ፋብሪካ በአጎቴ በኩል ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ «የፋይናንስ ኃላፊ ትሆኛለሽ፤ 30,000 ደመወዝ፣ 8,000 የቤት አበል፣ ሰርቪስም አለ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምንሠራው፤ እስከ መጪው ዓርብ አሳውቂኝ» አለኝ። በጽሑፍ የሰጠኝ ነገር የለም። የምኖረው ጀሞ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከባንኩ የወሰድኩት የሠራተኛ ብድርም ገና አላለቀም። የትኛውን ልያዝ? የምተወውንስ አጎቴን ሳላስቀይም እንዴት ልተወው?»

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የፋብሪካውን ተዪ። ዓርብን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ደውለሽ ተዪው። ለምን እንዲህ እንደምል ከዚህ በታች አስረዳለሁ። በሰው ኃይል አስተዳደር 16 ዓመት ሠርቻለሁና፣ የምነግርሽ ከሚቀጥረው ወገን ተቀምጬ ያየሁትን ጭምር ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። 42,000 እና 38,000 ሲባል የ4,000 ብር ልዩነት ይመስላል። እጅሽ ላይ ሲገባ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ አበሉም ቢሆን የቤት አበል እስከሆነ ድረስ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ጡረታ ደግሞ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ነው። አስልቼዋለሁ፦ ከግብረ ሰናይ ድርጅቱ በወር 26,410 ብር፣ ከፋብሪካው 24,650 ብር እጅሽ ይገባል። ልዩነቱ 1,760 ብር ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ማዕረግ ያለው ሥራ ይሻለኛል» ሊል ይችላል። ግን ቆይ።

አበል ከደመወዝ ጋር አንድ አይደለም። አሠሪው ለጡረታሽ የሚያስገባው 11 በመቶ የሚሰላው በ30,000 ላይ እንጂ በ38,000 ላይ አይደለም። የትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ሁሉም የሚነሳው ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው። አበል ደግሞ በአንድ የውስጥ ማስታወሻ ሊቀነስ ሲሞከር አይቻለሁ፤ ደመወዝን ለመንካት ግን አሠሪም ይፈራል። ስለዚህ ሁለት ቅጥር ስታነጻጽሪ መጀመሪያ መሠረታዊውን ከመሠረታዊው ጋር አስተያዪ፦ 42,000 እና 30,000።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው፤ የትንሽ ልጅ እናት ስለሆንሽ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሕጉ የሚፈቅደው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስድስት ቀን የሚሠራ ፋብሪካ ያንን ሙሉ በሙሉ ይጠቀምበታል፤ በተለይ የሒሳብ ሰው ቅዳሜ ቀድሞ አይወጣም። ከጀሞ ዱከም ደርሶ መልስ፣ የሰርቪሱን መጠበቂያ ጨምሮ፣ በቀን ሦስት ሰዓት ብዬ ልያዘው፤ የቃሊቲን መንገድ የምታውቂ ከሆነ ይህ ቸር ግምት ነው። ድምሩ በሳምንት 66 ሰዓት ይሆናል። ግብረ ሰናይ ድርጅቱ እንደ አብዛኞቹ አምስት ቀን 40 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ ለቦሌው መንገድ በቀን ሁለት ሰዓት ብትጨምሪ 50 ይመጣል። ለአንዱ ሰዓትሽ ፋብሪካው የሚከፍልሽ 86 ብር ገደማ፣ ግብረ ሰናዩ 122 ብር ገደማ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ንጋት 11፡30 ላይ ከቤት የምትወጣ እናት ልጇን ተኝታ ትታት ትሄዳለች፤ ስትመለስም ለመተኛት ስትዘጋጅ ታገኛታለች። ይህን የሚሸከም አያት ወይም ባል ቤት ውስጥ አለ? ጥያቄሽ ላይ አልጠቀስሽውም፤ መልሱ ግን ከደመወዙ ይቀድማል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ ወረቀት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነገር በአፍ ነው የነገረሽ። የራሴን ልንገርሽ። በሥራ ዓለም ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ቋሚ ሥራዬን ትቼ ወደ አንድ ድርጅት ሄድኩ። የመምሪያው ኃላፊ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ «የቤት አበሉና የስልኩ ነገር አያሳስብህ፣ እኔ አለሁ» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ወጥቶ የክፍያ ወረቀቱን ስቀበል ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ መሠረታዊ ደመወዝ። ከሥሩ ግብር፣ ከሥሩ ጡረታ፣ በቃ። ወደ ኃላፊው ስሄድ ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ሲመለስ «እኔ አቅርቤ ነበር፣ ላይ አልጸደቀም» አለኝ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ የመፍቀድ ሥልጣኑ ስላልነበረው ነው። ያኔ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለወጥኩትም፦ በወረቀት ያልመጣ ሥራ ገና አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን 30,000ውን የሚያጸድቀው ማን ነው? እሱ ወይስ ባለቤቱ? የቅጥር ደብዳቤ መጻፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሐሙስ ጠርቶ «እስከ ዓርብ» እያለ ደብዳቤውን ያልሰጠሽ ሰው፣ አንቺን እንጂ ራሱን ቀጠሮ አላስያዘም።

ጥድፊያውም ምክንያት አለው ብዬ እገምታለሁ። የብዙ ፋብሪካዎች ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል። አሁን የፋይናንስ ኃላፊ በጥድፊያ የሚፈልግ ቤት ብዙ ጊዜ የቀድሞው ሰው ሳይታሰብ ወጥቶበታል። ለምን ወጣ? ይህን ሳትጠይቂ መግባት የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ መፈረም ማለት ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንሽ ፊርማ ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ታውቂያለሽ።

«የፋይናንስ ኃላፊ» የሚለውን ማዕረግ አልንቀውም። በ29 ዓመት እዚያ መድረስ ሲቪ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚባለው በስሙ ሳይሆን በሥልጣኑ ነው፤ መቅጠር፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ መወሰን የመሳሰለው። ያንቺ ቦታ እዚያ ውስጥ ከገባ ስለ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ዓመት ፈቃድ፣ ስለ ስንብት ክፍያ አዋጁ የሚሰጥሽ ጥበቃ ይቀርና የሚጠብቅሽ በዋናነት የፈረምሽው ውል ይሆናል። ውሉ ደግሞ የለም። ሠራተኛ ሆነሽ በወረቀት፣ ወይም መሪ ሆነሽ በጥሩ ውል፤ ሁለቱም ያስኬዳል። መሪ ሆኖ ያለ ወረቀት ግን ለማንም አልመክርም።

አሁን ወደ ግብረ ሰናዩ። እንከን የለሽ ነው እንዳልል 12 ወር የሚለው ቃል አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ውላቸው ገና ዓመትና ሁለት ዓመት የሚቀረው የማውቃቸው ሰዎች በሳምንታት ውስጥ የስንብት ደብዳቤ ተቀብለዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አትዪ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ከማን ነው? የለጋሹ ስምምነት የሚያበቃው መቼ ነው? የእኔ ደመወዝ ከአንድ ለጋሽ ነው ወይስ ከብዙ ተከፋፍሎ ነው? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በዚያ ዘርፍ የሠራ የሒሳብ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ እንዲያውም ባለሙያ መሆንሽን ያዩበታል። ደመወዝሽ ከብዙ ለጋሾች የሚከፈል ከሆነ አንዱ ቢወጣ ሌላው ያቆይሻል።

እና ውሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን 13ኛውን ወር ከአሁኑ አስቢው። አሁን ባንኩ፣ ቦነሱንና ሌላ አበሉን ሳልቆጥር፣ በእጅሽ የሚሰጥሽ 15,970 ብር ነው። ከግብረ ሰናዩ በየወሩ 10,440 ብር ትርፍ ታገኛለሽ። ከዚያ 6,000ውን ሳትነኪው ብታስቀምጪ በዓመቱ 72,000 ብር ይሆናል፤ ይህ የዛሬው የአራት ወር ተኩል ደመወዝሽ ነው። ኑሮሽን ወደ 26,000 ከፍ አድርገሽ ከጀመርሽ ግን ውሉ ሲያልቅ የሚያስጨንቅሽ ሥራ ማጣቱ ብቻ አይሆንም።

ከባንኩ ስትወጪ የሚቀርብሽን ደግሞ አትርሺ። በአዋጁ መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ፣ የሥልጠና ግዴታም ከሌለበት ነው። አንቺ አራት ወር ቀርቶሻል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ባንቺ ደመወዝ ግብሩ ሳይቀነስ 56,000 ብር ገደማ ይመጣል። በዚያ ላይ የባንኩ በጀት ዓመት ሰኔ ላይ ያበቃል፤ ብዙ ባንኮች ቦነስ የሚከፍሉት ዓመቱን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግብረ ሰናዩን «ሥራ የምጀምረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። አራት ወር መጠበቅ ለአብዛኞቹ ይከብዳቸዋል፤ እምቢ ካሉሽም አትዘኚ፣ 56,000ውን ያለ ቦነሱ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ታካክሺዋለሽ። ግን ጠይቂ። አለመጠየቅ ነው የሚቆጨው።

ብድሩን በተመለከተ የብድር ውልሽን ዛሬ ማታ አውጥተሽ አንብቢው። ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ሲለቅ ቀሪው በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ወይም ወለዱ ወደ መደበኛው የደንበኛ ወለድ እንዲቀየር ይላል። ያልተጠቀምሽበት ዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይሰላልና ከዚያ ላይ ማቻቻል ይቻል እንደሆነ አጣሪ። ስትቀጠሪ ዋስ የሆነሽ ሰው ካለም ከዋስትናው መሰናበቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትቀበዪለት እንዳትወጪ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋሱ ሲጠራ ወዳጅነቱ ይበላሻል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ እንዴት ልተወው ወዳልሽው። ከአንድ ሰኞ ጠዋት ልጀምር። አንዲት ሠራተኛ እንድትጀምር ጠረጴዛዋን አስወልውለን፣ ኮምፒውተሯን አስጭነን፣ መታወቂያዋን በፎቶዋ አሠርተን ጠበቅናት። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት። ስልኳ ዝግ ነው። የመጣባት ነገር ይኖራል ብለን ለቤተሰቧ ደወልን። በሦስተኛው ቀን በሰው በሰው ሰማን፤ ሌላ ቦታ ገብታለች። ሁለተኛ የወጣውን ልጅ «ቦታው ተይዟል» ብለን ከሸኘነው ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ስንደውልለት ሐዋሳ ሄዷል። ያቺ ልጅ ክፉ አልነበረችም። «እምቢ» ማለት ከብዷት ነው። ይሉኝታ ዝም አሰኛት፣ ዝምታዋ ግን ከአንድ የአምስት ደቂቃ ስልክ ይልቅ የብዙ ሰው ሥራ አበላሸ። ያ መታወቂያ መሳቢያዬ ውስጥ ዓመት ተቀምጧል።

ደውሎ የተወን ደግሞ አለ። «ያከበራችሁኝን አልረሳውም፣ ነገር ግን ሌላ ቦታ ለመግባት ወስኛለሁ፤ ሰው እንዳታጡ ብዬ ዛሬውኑ ነው የደወልኩት» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው፤ አሁን አብረን እንሠራለን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የምትደውዪው ለአጎትሽ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ በፊት። አጎትሽን የሚያስቀይመው ሥራውን መተውሽ አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ነው። «ጋሼ፣ ስላሰብክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእነሱ በፊት ለሌላ ቦታ ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ከልጄ ጋርም ዱከም ድረስ በየቀኑ አልችለውም። እኔ ራሴ ደውዬ በክብር እነግራቸዋለሁ፤ አንተ እንዳትሸማቀቅ ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ» በዪው። በእናንተ ቤት አጎት በስልክ የማይነገረው ከሆነ ዛሬ ማታ ሄደሽ ቡና እየጠጣችሁ ንገሪው። እሱ «ቆይ እኔ ላናግራቸው» ሊልሽ ይችላል። አመስግነሽ እምቢ በዪው፤ አንቺ የጀመርሽውን ንግግር ሌላ ሰው ከጨረሰው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እንደ ልጅ ትታያለሽ።

ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ። በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ፤ ከደወልሽ በኋላ ሁለት መስመር መልእክት ብትልኪ ጥሩ ነው። የውሸት ምክንያት አታምጪ፤ «ታምሜ ነው»፣ «ቤተሰብ አልፈቀደልኝም» አትበዪ። የሒሳብ ሰው ዓለም ጠባብ ናት፤ ዛሬ የዋሸሽው ሰው የነገ ኦዲተርሽ ይሆናል። የሌላውን ደመወዝም አትጥሪ፤ ከጠራሽው ጨረታ ይጀመራል። እሱ «እሺ 45,000 ላድርግልሽ» ቢልስ? ያኔ ነው የሚፈተነው። ከሐሙስ እስከ ዛሬ 30,000 የነበረው በአንድ ስልክ 45,000 ከሆነ፣ መጀመሪያም ሊከፍልሽ ይችል ነበር ማለት ነው። ዱከምም የትም አልሄደም። «በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን ወስኛለሁ» ብለሽ ተሰናበቺ።

«ግብረ ሰናዩንስ ብተወው?» ብለሽ በልብሽ ካሰብሽ፣ እሺ ማለትሽ አሥሮሽ አይቀርም። ግን ቀላል ነገርም አይደለም። አዋጁ የሥራ ውል በተለየ ፎርም ይደረግ አይልም፤ በቃልም ይጸናል። ስለዚህ «አልፈረምኩም» የሚለውን መከራከሪያ እኔ አልወደውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃል ከሰጡ በኋላ መመለስ የሚያስኬደው ነገሩ በእርግጥ ሲለወጥ ነው፦ ደመወዙ ከተባለው ሲያንስ፣ ቦታው ሲቀየር፣ በውሉ ላይ ያልተነገረሽ ግዴታ ሲመጣ። «ሌላ ጥሩ መጣልኝ» ብቻ ከሆነ፣ የመጣው ከዚህኛው በብዙ እጅ የሚበልጥ መሆን አለበት። የፋብሪካው እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም።

የግብረ ሰናዩ ውል ሲደርስሽ የሙከራ ጊዜውን እዪ። ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፣ አንቺም እንዲሁ መልቀቅ ትችያለሽ። ለአለቃሽ ምንም አትንገሪ፣ ለቅርብ ባልደረባሽም ቢሆን። ውሉ ተፈርሞ ያንቺ ኮፒ እጅሽ ሲገባ ነው የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፈው፤ ከዚያ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ትሠሪያለሽ፣ ርክክብ፣ ክሊራንስ፣ የሥራ ልምድ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የሚሰጥሽ መብትሽ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን መያዙን እዚያው ቆመሽ አንብቢ። ስምሽ ከመታወቂያሽ ጋር አንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ ሳታስተካክዪ አትውጪ።